ለልጄ፦ አኩሪ አተርህን ሳታጭድ ስትገምት

ልጄ፣ ማሳህ አምሯል፤ አይቼዋለሁ። ግን «ዘንድሮ በሄክታር 30 ኩንታል አላጣም» ስትል ሰማሁህና ዝም ማለት አልሆነልኝም። ነጋዴው ከአጨዳ በፊት ዋጋ ይዞ ይመጣል። ስንት እንዳለህ ሳታውቅ አትዋዋል።

1. አበባ አትቁጠር። አኩሪ አተር ካበበው አብዛኛውን ያረግፋል። ቆባው ሞልቶ ቅጠሉ ቢጫ መምታት ሲጀምር ግባ፤ ያኔ የያዘውን ይዟል።

2. ቦታ አትምረጥ። እግር ሁልጊዜ ወዳማረው ይወስዳል። ማሳውን ከጥግ እስከ ጥግ አቋርጥ፤ እርምጃህን እየቆጠርክ በደረስክበት ቁም፣ ቦታው የሳሳም ይሁን ውሃ የተኛበት። ከአምስት ቦታ አያንስ፤ አሥር ቢሆን ደስ ይለኛል።

3. ገመድ ይዘህ ግባ። መስመርህ 60 ሳንቲ ሜትር የተራራቀ ከሆነ፣ 1 ሜትር ከ67 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም መስመር 1 ካሬ ሜትር ነው። በዚያ ያለውን ተክል ቁጠር። ከዚያ ትልቅ ትንሽ ሳትል የተከታተሉ 10 ተክሎችን ቆባ ቆጥረህ ለ10 አካፍል። ባዶ ቆባ ቆባ አይደለም። ፍሬውንም ፈልፍለህ እይ እንጂ በደፈናው ሦስት አትበል። 25 ተክል፣ በተክል 24 ቆባ፣ በቆባ 2 ፍሬ ካገኘህ 1,200 ፍሬ ነው። መቶው ፍሬ 15 ግራም ቢመዝን 180 ግራም ይሆናል። ግራሙን ለ10 ስታካፍለው የሄክታሩ ኩንታል ይወጣል፦ 18። አየህ፣ ከ30 ምን ያህል እንደሚርቅ! የመቶውን ፍሬ ክብደት ከዘራኸው ዘር መዝነህ ያዝ፤ ዝናቡ ቀድሞ ከወጣ ግን ፍሬው ይቀጭጫልና ዝቅ አድርገው።

4. የሚጎድለውን አስቀድመህ ቀንስ። ደርቆ የቆየ ቆባ ይፈነዳል። በካሬ ሜትር 40 ፍሬ ከረገፈ በሄክታር 60 ኪሎ ሄደ ማለት ነው። እርጥበቱ 18 በመቶ የሆነ 100 ኪሎም ወደ 13 በመቶ ሲደርቅ 94 ኪሎ ገደማ ይቀራል። ያልተወቃ እህል ጎተራ አይሞላም።

5. የየቦታውን ቁጥር ለየብቻ ጻፍ። የሳሳው ቦታ ለከርሞ የት መድከም እንዳለብህ ይነግርሃል። ከወቃህ በኋላ ሚዛኑን ከግምትህ ጎን አስፍር፤ ዓይንህ የሚታረመው እንዲህ ነው። ነጋዴው ሲመጣ ደብተሩን ይዘህ ተቀመጥ፤ ከቀነስከው ቁጥር ላይ በግማሹ ብቻ ተዋዋል። የቀረውን ሳይመዘን ለማንም ቃል አትግባ፣ ልጄ።