ሕፃናትን በቤታቸው ስለ ማስተማርና ስለ እናቶች ክብር

ልጅ ትምህርት የሚጀምረው ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ሀ ሁ ሂ ባለ ጊዜ ይመስለናል። ነገሩን ጠለቅ ብለን ብንመረምረው ግን የትምህርቱ ሥር ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ የተተከለ መኾኑን እናገኘዋለን። ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሳለ ድምፅዋን ይሰማል፤ እሹሩሩ ስትለው ቃል ከቃል ጋር እንዴት እንደሚገጥም ጆሮው ይለምዳል፤ በምሽት ከምድጃው ዳር ተረት ሲነገረው ነገር መጀመሪያና መጨረሻ እንዳለው ያውቃል፤ እንቆቅልሽ ሲጠየቅም ያልታየውን ከታየው ማውጣትን ይማራል። ይህን ኹሉ ይዞ ከመምህር ፊት የቀረበ ልጅ ፊደሉ የሚያርፍበት ቦታ በልቡ አለው። ይህን ሳይዝ የቀረበ ልጅ ግን ፊደሉን በዓይኑ ቢለየውም የሚያነበው ነገር ባዶ ድምፅ ይኾንበታል፤ ከባልንጀሮቹ ወደ ኋላ ስለሚቀርም ያፍራል፤ ካፈረ በኋላ ደግሞ ከትምህርት ቤት መራቅ ይጀምራል።

ይህ ጉዳት ከኹሉ ይልቅ የሚያገኘው የድኻውን ልጅ ነው። ድኻ እናት ልጅዋን ከባለጸጋዪቱ አሳንሳ ስለምትወድ አይደለም። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ እንጀራ ጋግራ ጉሊት የምትውል፥ ወይም የሰው ልብስ ስታጥብ ውላ ማታ የምትገባ ሴት ከልጅዋ ጋር ለመነጋገር የሚቀራት ጕልበት ጥቂት ነው። በቤትዋ መጽሐፍ የለም፤ ቢኖርም ማንበብ ያልተማረች ትኾናለች። ከዚህም የሚብሰው፥ «እኔ ያልተማርኹ ነኝ፤ ለልጄ ምን አውቅለታለኹ?» ብላ ራስዋን ከአስተማሪነት ማውጣትዋ ነው።

ይህን ችግር ለማቃለል በልዩ ልዩ አገሮች የታሰበው መንገድ እናቲቱን ወደ ትምህርት ቤት መጥራት ሳይኾን ትምህርቱን ወደ እናቲቱ ቤት መውሰድ ነው። ስለዚህ ሥራ በሦስት ክፍል እንናገራለን፤ ይኸውም አንደኛ ስለ አጀማመሩና ስለ አካሄዱ፥ ኹለተኛ ስለ ፍሬውና ስለ ወሰኑ፥ ሦስተኛ ደግሞ ለእኛ ስለሚሰጠን ትምህርት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ኹሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ስለ ሥራው አጀማመርና አካሄድ

በ1965 ዓ.ም. በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት፥ ሎንግ አይላንድ በሚባለው ስፍራ፥ ፊሊስ ሌቨንስታይን የምትባል የሥነ ልቡና ሊቅ አንድ ሥራ ጀመረች። የተላከችው ጎብኚ በሳምንት ኹለት ጊዜ፥ በየጊዜውም ለግማሽ ሰዓት ያህል፥ ኹለት ዓመት ሙሉ ወደ ድኻው ቤተ ሰብ ቤት ትመላለሳለች። በእጅዋም የሥዕል መጽሐፍ ወይም መጫወቻ ትይዛለች። ከእናትና ከልጅ ጋር አብራ ተቀምጣ ስለ መጽሐፉ ትጫወታለች፤ ሥዕሉን ታሳያለች፤ ልጁን ትጠይቃለች፤ መልሱንም በትዕግሥት ትጠብቃለች። እናቲቱ ይህን አይታ ጨዋታውን ስትረከብ ጎብኚዋ ወደ ኋላ ትላለች። መጽሐፉንም መልሳ አትወስደውም፤ ለቤቱ ስጦታ ኾኖ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ በ1969 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ አቪማ ሎምባርድ የምትባል ሊቅ ሌላ ሥራ አቋቋመች። ይህ ሥራ ዛሬ በብዙ አገሮች ሂፒ በሚል አኅጽሮተ ስም ይታወቃል። በመጀመሪያ የታሰበው ከእስያና ከአፍሪካ አገሮች ወደ እስራኤል ለገቡ፥ ትምህርት ላልደረሳቸው ቤተ ሰቦች ነበር። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በአርካንሳስና በሌሎች ግዛቶች ተስፋፍቷል።

የዚህ ሥራ ሥርዓት ሦስት ነገሮችን ይይዛል። መጀመሪያ፥ ጎብኚዋ ከሩቅ የመጣች ባለ ማዕርግ መምህርት አይደለችም፤ የዚያው ሰፈር ነዋሪና ራስዋም እናት ናት፤ የሠለጠነች አስተባባሪ ከበላይ ኾና ትመራታለች። ኹለተኛ፥ ጎብኚዋ ልጁን አታስተምርም፤ የምታስተምረው እናቲቱን ነው። ያውም በንግግር ብቻ አይደለም፤ አንዷ እናት፥ ሌላዪቱ ልጅ ኾነው ትምህርቱን ይለማመዱታል፤ ቀጥሎም ቦታ ይለዋወጣሉ። እናቲቱ በልጅ ቦታ ተቀምጣ ስትሳሳት ትስቃለች፤ ልጅዋ ሲሳሳትም እንዴት መታገሥ እንዳለባት ከዚያው ትማራለች። ሦስተኛ፥ እናቲቱ የተማረችውን በየዕለቱ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ለልጅዋ ታስተምራለች፤ በየጊዜውም ከሌሎች እናቶች ጋር ተሰብስባ ትመካከራለች።

የዚህ ሥርዓት ጥበብ በይበልጥ የሚገለጠው በስደተኛ ቤት ነው። በ1984 እና በ1991 ዓ.ም. በብዛት ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡትን ቤተ እስራኤላውያን እናስብ። ሥራው ከእነርሱም ዘንድ ደርሷል። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ወላጆች ዕብራይስጥን አያውቁም ነበር፤ በአማርኛና በትግርኛም ማንበብ ያልተማሩ ነበሩ። ልጆቹ ግን ቋንቋውን ፈጥነው ስለሚለምዱ በሐኪም ቤትና በመሥሪያ ቤት የወላጆቻቸው አስተርጓሚ ይኾናሉ። በዚህ ጊዜ የቤቱ ሥርዓት ይገለበጣል፤ መሪ የነበረችው እናት ተመሪ ትኾናለች፤ ልጅም አዋቂ እኔ ነኝ ማለት ይጀምራል። ትምህርቱ አስቀድሞ በእናት እጅ ካለፈ ግን ልጅ ዕውቀትን ከእናቱ እንደ ተቀበለ ያያል፤ ክብርዋም አይወድቅም።

2. ስለ ፍሬውና ስለ ወሰኑ

በጎ አሳብ ኹሉ በጎ ፍሬ አያፈራምና ሥራው በእውነት ይጠቅማል ወይ ብሎ መመርመር የአስተዋይ ሰው ግዴታ ነው። ከተደረጉት ምርመራዎች መካከል ከፍ ያለ ግምት የተሰጠው በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን የተደረገው ነው። በ1986 ዓ.ም. ሳሊ ግራንታም ማክግሬገር የምትባል የሕክምና ሊቅና ባልደረቦችዋ በድኻ ሰፈሮች የሚኖሩ፥ በምግብ ጉድለት ዕድገታቸው የቀጨጨ 129 ሕፃናትን መረጡ። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር ነበር። ሕፃናቱንም በአራት ከፈሏቸው፤ ለአንደኞቹ ከወተት የተዘጋጀ ተጨማሪ ምግብ ተሰጠ፤ ኹለተኞቹን የአካባቢው የጤና ረዳቶች በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል በቤታቸው እየጎበኙ እናቶቻቸው ከልጆቻቸው ጋር እንዲነጋገሩና እንዲጫወቱ አሳዩአቸው፤ ለሦስተኞቹ ምግቡም ጉብኝቱም ተሰጠ፤ አራተኞቹ ግን ከኹለቱ አንዱንም አላገኙም። መጫወቻዎቹ በቤት ከሚገኝ ተራ ዕቃ የተሠሩ ነበሩ። ይህም ለኹለት ዓመት ያህል ቆየ።

በመጀመሪያ ምግቡም ጉብኝቱም ለሕፃናቱ አእምሮ እንደ ጠቀመ ታየ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን የምግቡ ጥቅም እየደበዘዘ ሄደ፤ የጉብኝቱ ፍሬ ግን ጸና። የተጎበኙት ልጆች 17 እና 18 ዓመት በኾናቸው ጊዜ ካልተጎበኙት ይልቅ በንባብና በቃላት ዕውቀት የተሻሉ ኾነው ተገኙ። በ2014 ዓ.ም. በታተመው ምርመራ ደግሞ፥ 22 ዓመት ሲኾናቸው ገቢያቸው ካልተጎበኙት በመቶ 25 ያህል በልጦ እንደ ተገኘ ታወቀ። እንግዲህ እናት ከልጅዋ ጋር የተነጋገረችው ነገር ከኻያ ዓመት በኋላም አልጠፋም ማለት ነው። ይህ ግን ለተራበ ሕፃን ምግብ አያስፈልገውም ማለት አይደለም፤ እንዲህ የሚል ቢኖር ነገሩን አጣሞታል። ምግብ ሥጋን እንደሚያቆም፥ የእናት ቃል ደግሞ አእምሮን ያቆማል፤ ከኹለቱ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መከልከል አይገባም ማለት ነው።

ኾኖም ወሰኑን ሳንናገር ብናልፍ እውነትን ከፍለን እንደ ሸሸግን ይቈጠርብናል። በኒውዮርክ ግዛት የኢየሩሳሌሙን ሥርዓት የተከተለ ሥራ ተመርምሮ ውጤቱ በ1998 ዓ.ም. በታተመ ጊዜ፥ በመጀመሪያ የገቡት ልጆች ካልተጎበኙት ልቀው ታዩ፤ ቀጥሎ በገቡት ልጆች ላይ ግን ያው ብልጫ አልተገኘም። ይህም የሚያስተምረን የሥርዓቱ ስም ብቻ ፍሬ እንደማያፈራ ነው። አንዲት እናት የቤት ኪራይ አጥታ ከሰፈር ሰፈር ስትንከራተት፥ ወይም ባልዋ ታሞባት ሳለ፥ መጽሐፍ ይዞ የመጣ እንግዳ በሩን ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል። ጉብኝት የድኽነትን ቀንበር አይሰብርም፤ በቀንበሩ ሥር ያለችውን እናት ግን ያግዛል። ከዚህ የበለጠ ተስፋ የሚሰጥ ሰው ኋላ ሥራውን ያስነቅፋል፤ ከዚህ ያነሰ የሚናገርም እናቲቱን ያለ ረዳት ያስቀራታል።

3. ለእኛ ስለሚሰጠን ትምህርት

ይህ አሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያመሰግን አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን በስማቸው ያነሣል፤ ጢሞቴዎስም ከሕፃንነቱ ጀምሮ መጻሕፍትን እንዳወቀ ይመሰክራል (2ኛ ጢሞ. 1፥5፤ 3፥15)። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም ስለ ከንቱ ውዳሴና ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳን የቃየልንና የአቤልን ታሪክ ለልጅ እንዴት መንገር እንደሚገባ በዝርዝር ያስረዳል። ታሪኩ በምሽት ማዕድ ላይ ይደገም፤ እናትም ትድገመው፤ ልጁ ደጋግሞ ከሰማ በኋላ ራሱ እንዲናገር ይጠየቅ ይላል። ልጁ ያንኑ ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ በሰማ ጊዜ አስቀድሞ ያወቀው ነውና እጅግ ደስ ይለዋል። የዛሬ ሊቃውንት ልጅን እየጠየቁና እያስመለሱ ማንበብ ይበጀዋል ሲሉ ይኸው ምክር በሌላ አነጋገር የተመለሰ ይመስላል።

በአገራችንም የንስሐ አባት ወደ ልጆቹ ቤት መሄዱ የታወቀ ሥርዓት ነው። የድኻው በር ለባለ ሥልጣን ቢዘጋ ለንስሐ አባት አይዘጋም። የቆሎ ተማሪ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ እንጀራ ፍለጋ ወደ ደጅ ሲሄድ ኖሯል፤ ዛሬ ደግሞ ፊደል ራሱ የድኻውን ልጅ ፍለጋ ወደ ደጅ ሊሄድ ይገባዋል። በ2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የንባብ ምርመራ ከኹለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34 የሚኾኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበርና ነገሩ ችላ የሚባል አይደለም።

እንግዲህ በዚህ በጎ ሥራ ለመሰማራት የሚወድ ካህንም ኾነ ምእመን የሚከተሉትን ይጠብቅ። ከልጁ ሳይኾን ከእናቲቱ ይጀምር፤ በእርስዋ ፊት ልጅዋን ራሱ የሚያስተምር ሰው፥ «አንቺ አትችዪም» ብሎ ሳይናገር የተናገራት ያህል ነው። የቀጠረበትን ቀን አይዛነፍ፤ ለድኻ ቀጠሮ ማፍረስ ንቀት ኾኖ ይታያልና። ቤቱን እንደ መርማሪ አይመልከት፤ ያየውን ገመናም እንደ አደራ ይሸፍን። የሚወስደውን መጽሐፍ ለቤቱ ይተውለት፤ ልጅ ቢያቈሽሸው አይቈጣ፤ በሣጥን ተቈልፎ ከሚነጣ መጽሐፍ በልጅ እጅ የጠቈረው ይበልጣልና። እናቲቱም በምታውቀው በገዛ ቋንቋዋ ለልጅዋ እንድትናገር ያበረታታት፤ በማታውቀው ቋንቋ ተሰባብሮ ከሚነገር ጥቂት ቃል ይልቅ በሚሞቀው በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚነገር ብዙ ቃል ለልጅ ይበጃል።

«የማታነብ እናት እንዴት ታስተምራለች?» የሚል ቢኖር መልሱ ይህ ነው። ጎመን ስትቀነጥስ፥ «ይህ ምንድር ነው? ቀለሙስ ምን ይመስላል?» ብላ ትጠይቀው፤ ቡና ስትቈላ የአያቱን ታሪክ ትንገረው፤ ኹለተኛ ቀን ደግሞ፥ «እስኪ አንተ ንገረኝ» ትበለው። ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ ገልጣ ያየችውን ትተርክለት። ታላቅ ልጅ ማንበብ የሚችል ከኾነ ለታናሹ ያንብብ፤ እርስዋም አጠገባቸው ተቀምጣ ታድምጥ፤ መልካም ነው ትበል። የእርስዋ ማድመጥ ብቻ ንባብ የከበረ ነገር መኾኑን ለልጅ ያስተምረዋል። ከዚህም የተነሣ ራስዋ ፊደል ለመቍጠር የምትነሣ እናት ትገኝ ይኾናል፤ ብትነሣም በደስታ እንርዳት።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብና ትልቅ ሕንፃ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ታማኝ እግር፥ የሚያዳምጥ ጆሮና ጥቂት መጻሕፍት ነው። በየአጥቢያችን ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ለመላክ የተዘጋጀች፥ ከዚያ በፊት ግን ምን ማድረግ እንዳለባት የነገራት የሌለ እናት አለች። እርስዋን ቤትዋ ድረስ ሄደን፥ «የልጅሽ የመጀመሪያዪቱ መምህርት አንቺ ነሽ» ብንላትና ይህንንም በሥራ ብናሳያት ለልጁ ከምንሰጠው ስጦታ ኹሉ ይህ ይበልጣል። እግዚአብሔር የእናቶችን ድካም ይቍጠርላቸው፤ ለሕፃናቱም ማስተዋልን ይስጥልን፤ አሜን።