የሜትሩ ቁጥርና የብሩ መጠን

በአሜሪካ አንዳንዶች በቤታቸው ሁለት የብር ዘንጎችን ከባትሪ ጋር አገናኝተው የሚያዘጋጁት ኮሎይዳል ሲልቨር ጥንካሬው የሚነገረው በፒፒኤም ነው። 1 ፒፒኤም በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 1 ሚሊግራም ብር ማለት ነው። በዚህ ስሌት 31.1 ግራም የሚመዝነው አንድ ትሮይ አውንስ ብር ባለ 10 ፒፒኤም ፈሳሽ ከ3,100 ሊትር በላይ ይወጣዋል። ስለዚህ ገዢ የሚከፍለው በአመዛኙ ለማዕድኑ ሳይሆን ለቁጥሩ ነው።

ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚነበበው በእጅ ከሚያዝ ቲዲኤስ ሜትር ነው። መሣሪያው ግን ብር አይመዝንም፤ ውኃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ለክቶ በጨው ሒሳብ ይተምነዋል። ብር የሌለበት የቧንቧ ውኃ 200 ሊያሳይ ይችላል። በአንጻሩ ሳይሟሙ የተንሳፈፉ የብር ቅንጣቶች ከንባቡ ይቀራሉ።

ሜትሩ የሚጠቅመው የመነሻውን ውኃ ንጽሕና ለማየትና አንዱን ዙር ከሌላው ለማነጻጸር ነው። ለዋጋ ድርድር የሚያስተማምነው በአቶሚክ አብዞርፕሽን የተሠራ የላቦራቶሪ ውጤት ነው።

ይህም ቢሆን መጠንን እንጂ ፈዋሽነትን አይመሰክርም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1999 ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡ የኮሎይዳል ሲልቨር መድኃኒቶች ደህንነታቸውም ፈዋሽነታቸውም ተቀባይነት ያገኘ አይደለም ሲል ወስኗል። በሰውነት የተጠራቀመ ብር ቆዳን ለዘለቄታው ሊያጠቁር ይችላል።