ቺንጋ ለምን ወደ ጎን ይሸሻል? ከወፍጮ ቤት እስከ መሮጫ ማሽን

ከወልቂጤ ተነሥቶ በጉብሬ በኩል ወደ እምድብር በሚያመራው መንገድ ላይ የምትገኘው አታት በብዙዎች ዘንድ የምትታወቀው የካቶሊክ የሕክምና ሚሲዮን እህቶች እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋሙት ሆስፒታል ነው። ለፊዚክስ ተማሪ ግን በአታትም ሆነ በመሰል የጉራጌ ከተሞች ሌላ ሊጎበኝ የሚገባ ቦታ አለ፤ እርሱም ወፍጮ ቤት ነው። ቆጮ በወፍጮ ቤት ደጅ አይጠናም፤ በቆሎው፣ ገብሱና ስንዴው ግን በዚያ ያልፋሉ። በናፍጣ በሚሠራ የቆየ ወፍጮ ቤት ሞተሩ በአንድ ወገን፣ ወፍጮው በሌላ ወገን ይቆምና ሁለቱን ረጅም ጠፍጣፋ ቺንጋ ያገናኛቸዋል። ቺንጋው ሲዞር ይርገበገባል፤ ነገር ግን ከፑሊው መሀል አይወጣም። በግራና በቀኙ የሚያግደው ጠርዝ የለም። ታዲያ ምን ያዘው?

ይህንኑ ጥያቄ ገልብጠው የሚጠይቁ ሰዎች ደግሞ አሉ። በአዲስ አበባ ቤቶች እየተለመደ የመጣውና አልፎ አልፎም ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች የሚዘልቀው የመሮጫ ማሽን (በተለምዶ ትሬድሚል የሚባለው) እንደ ወፍጮው ሁሉ በጠፍጣፋ ቺንጋ የሚሠራ ነው። ባለቤቶቹ ከሚያቀርቧቸው ስሞታዎች አንዱ፣ ቺንጋው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እየሸሸ ጠርዙ ይበላል የሚል ነው። ሌላው፣ እግር ሲያርፍበት ይንሸራተታል፣ ለቅጽበትም ቀጥ ይላል የሚል ነው። ለሁለቱም የሚሰጠው የተለመደ መድኃኒት ብሎኑን ማጥበቅ ነው። በእኛ አስተያየት ማሽኑን ከሥራው ይልቅ የሚገድለው ይህ መድኃኒት ነው። መሸሽና መንሸራተት ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ናቸው፤ መነሻቸውም ሕክምናቸውም አንድ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ልዩነታቸውን ከፊዚክስ አንጻር ለማስረዳት እንሞክራለን።

ወፍጮንና የመሮጫ ማሽንን ያዛመድነው ለምሳሌ ያህል ብቻ አይደለም። የእንግሊዝኛው ስም ራሱ “በእግር የሚረገጥ ወፍጮ” ማለት ነው። ዊልያም ኪዩቢት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1818 ለእስረኞች የሠራው ትልቅ መንኰራኵር እስረኞቹ ደረጃ እንደሚወጡ ሆነው እየረገጡ የሚያዞሩት ሲሆን፣ በአንዳንድ ወኅኒ ቤቶች እህል ይፈጭ ነበር። በእንግሊዝ አገር ይህ ቅጣት የቀረው እ.ኤ.አ. በ1898 በወጣ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ሮበርት ብሩስና ዌይን ክዊንተን በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ማሽኑን ለልብ ምርመራ አዋሉት፤ ወደ መኖሪያ ቤት የገባውም ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ቺንጋ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ አንድ ሕግ በቂ ነው፦ ሳይንሸራተት ፑሊውን የነካ የቺንጋ ነጥብ ከፑሊው ገጽ ጋር አብሮ ይዞራል፤ የፑሊው ገጽ ደግሞ ከዘንጉ ጋር በቀጤ ዘዌ (በ90 ዲግሪ) እንጂ በሌላ አቅጣጫ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ የቺንጋውን ዕጣ የሚወስነው ፑሊውን በሚነካበት ቅጽበት ያለው ሁኔታ ነው። ከፑሊው ሲለቅ ያለው ሁኔታ እዚያ ፑሊ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው።

የወፍጮው ፑሊ በጣት ቢዳሰስ ፍጹም ሲሊንደር እንዳልሆነ ይታወቃል። መሀሉ ከጠርዞቹ በጥቂቱ ይወፍራል። ጉዳዩን ለማቅለል፣ ወደ አንድ ወገን እየወፈረ የሚሄድ ሾጣጣ ፑሊ እናስብ። ቺንጋው በላዩ ሲያርፍ ወደ ወፍራሙ ያለው ጠርዝ ከሌላው ጠርዝ ይበልጥ ይለጠጣል፤ ቺንጋውም በገዛ ገጹ ላይ ጥቂት ይታጠፋል። በዚህ ምክንያት ወደ ፑሊው በመድረስ ላይ ያለው የቺንጋ ክፍል ወደ ወፍራሙ ወገን ያዘነብላል። ፑሊውን የነካ ነጥብ ግን በቀጤ ዘዌ ብቻ ስለሚዞር፣ ከኋላው የሚመጣው ነጥብ ከፊተኛው ጥቂት ወደ ወፍራሙ ቀርቦ ያርፋል። በየዙሩ ቺንጋው ዳገት ይወጣል ማለት ነው። ሁለት ሾጣጣዎችን በወፍራም ወገናቸው ብናጋጥም መሀሉ ወፍራም የሆነ ፑሊ እናገኛለን፤ ቺንጋው ከሁለቱም አቅጣጫ ወደ መሀል ይወጣል፣ እዚያም ይረጋል። ለኳስ የረጋ ሚዛን የሚገኘው በጎድጓዳ ሳሕን ግርጌ ነው፤ ለቺንጋ ግን በጉብታ አናት ላይ ነው። አንባቢ ይህን ሲሰማ መጠራጠሩ ተገቢ ነው፤ ሙከራውን ከታች እናመጣዋለን።

የመሮጫ ማሽኑ ነገር ከዚህ ጋር የሚቃረን ይመስላል። ማሽኑ ከፊትና ከኋላ አንዳንድ ሮለር አለው። የኋለኛው ሮለር በግራና በቀኝ ጫፉ ብሎን ተበጅቶለታል። የግራው ብሎን ሲጠብቅ የሮለሩ ግራ ጫፍ ወደ ኋላ ይሳባል፣ የቺንጋው ግራ ጠርዝም ይወጠራል። በወፍጮው ምሳሌ ቺንጋ ወደ ተወጠረው ወገን ሄዶ ነበር፤ እዚህ ግን ወደ ላላው፣ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ቅራኔው የሚፈታው በዚያው ባንድ ሕግ ነው። ሲሊንደሩ ስለተጋደመ ዘንጉም ተጋድሟል፤ ለተጋደመው ዘንግ ቀጤ የሆነው አቅጣጫ ወደ ኋላና በጥቂቱ ወደ ቀኝ ያመለክታል። በላይኛው ገጽ ወደ ኋላ እየተጓዘ ሮለሩን የነካ ነጥብ ወደዚያው ይወሰዳል። ውጥረት በሁለቱም ምሳሌዎች አለ፤ ነገር ግን አቅጣጫውን የሚወስነው ቺንጋውና ዘንጉ ሲገናኙ የሚፈጥሩት ዘዌ ነው። “ቺንጋ ወደ ጠበቀበት ይሄዳል” ወይም “ወደ ላላበት ይሄዳል” ብሎ መሸምደድ እንግዲህ ግማሽ እውቀት ነው።

መጠኑን እናስላ። ብሎኑ በአንድ ሙሉ ዙር 1.25 ሚሊሜትር የሚገባ ቢሆን፣ ሩብ ዙር 0.31 ሚሊሜትር ነው። በሁለቱ ብሎኖች መካከል ያለው ርቀት 50 ሳንቲሜትር ከሆነ ሮለሩ የሚጋደመው 0.31 ለ500፣ ማለትም 0.0006 ራዲያን ያህል ነው። ይህን ዓይን አያየውም። ሆኖም በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር (በሴኮንድ 1.39 ሜትር) የሚጓዝ ቺንጋ በዚህ ዘዌ ወደ ጎን የሚሸሸው በሴኮንድ 0.87 ሚሊሜትር፣ በግማሽ ደቂቃ 26 ሚሊሜትር ነው። ቺንጋው ግትርነት ስላለውና ሮለሮቹም በብዙ ማሽኖች መሀላቸው በጥቂቱ ወፈር ስለሚል እውነተኛው ጉዞ ከዚህ ያነሰ ይሆናል። ቢሆንም ስሌቱ ሩብ ዙር ምን ያህል ብዙ እንደሆነ ያሳያል። ብሎኑን ሁለት ሦስት ዙር የሚያዞር ሰው ቺንጋውን ከአንዱ ግድግዳ አንሥቶ በሌላው ግድግዳ ያላትመዋል።

ከማስተካከል በፊት ግን ወለሉን መመልከት ይገባል። ከአራቱ እግሮች አንዱ መሬት ካልነካ ክፈፉ ይጣመማል፣ ሮለሮቹም ትይዩነታቸውን ያጣሉ። ግንበኛ የሚጠቀምበት ውሃ ልክ እዚህ ከመፍቻ ይቀድማል። ወለሉ ከተስተካከለ በኋላ፣ ሰው ሳይወጣበት ማሽኑን በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር አስነሥቶ መመልከት ነው። ቺንጋው ወደ ግራ ከሸሸ የግራው ብሎን በሰዓት አቆጣጠር ዙር ሩብ ያህል ይጠብቃል፤ ቺንጋው አስቀድሞ የተወጠረ ከሆነ የግራውን ከማጥበቅ የቀኙን ሩብ ዙር ማላላት ይሻላል። ከዚያም አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ትዕግሥት የሚጠይቀው ሥራ ይኸው መጠበቁ ነው። ሰው ሲወጣበት ብቻ የሚሸሽ ከሆነ ምናልባት ሯጩ አንዱን እግር ከሌላው አብልጦ እየገፋ ይሆናል፤ ያንን ብሎን አይፈውሰውም። በወፍጮ ቤትም ነገሩ አንድ ነው፦ የሞተሩና የወፍጮው ፑሊዎች በአንድ መስመር መሆናቸው ሞተሩ ቆሞ ሳለ በፑሊዎቹ ጎን ሲባጎ ወጥሮ ይታያል። ሲባጎው የሁለቱንም ፑሊዎች ጠርዞች በአራት ነጥብ ካልነካ የሚንቀሳቀሰው የሞተሩ መቀመጫ ነው።

መንሸራተት ሌላ ታሪክ ነው። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን የነበረው ሊዮናርድ ኦይለር እንዳሳየው፣ በፑሊ ላይ የተጠመጠመ ቺንጋ ሊንሸራተት ሲል በጠባቂውና በላላው ወገን ያሉት ውጥረቶች ጥምርታ 2.718 በአንድ አርቢ ከፍ ሲል የሚገኘው ቁጥር ነው፤ አርቢውም የሰበቃ መለኪያው በጥምጥሙ ዘዌ (በራዲያን) ሲባዛ የሚገኘው ነው። ቺንጋው ፑሊውን ግማሽ ዙር ቢነካና የሰበቃ መለኪያው 0.3 ቢሆን ጥምርታው 2.57 ይሆናል። ዱቄትና አቧራ ተጠግቶበት መለኪያው ወደ 0.2 ቢወርድ 1.87 ብቻ ይቀራል። ያንኑ ሥራ ለመሥራት ባለወፍጮው ቺንጋውን ማጥበቅ ግድ ይለዋል፤ ሲያሰላው ኩሽኔታው የሚሸከመው ጠቅላላ ጫና በ45 በመቶ ያህል ይጨምራል። የፑሊውንና የቺንጋውን ገጽ በጨርቅ መጥረግ ግን ምንም ጫና አይጨምርም። “ኩሽኔታ አልበረክት አለኝ” የሚል ባለወፍጮ አስቀድሞ ጨርቁን ይሞክር።

በመሮጫ ማሽን ላይ ጉዳዩ አንድ ተጨማሪ ውስብስብነት አለው። ያው የቺንጋው የውስጥ ገጽ ሮለሩን መያዝ፣ ከእግር ሥር ባለው ጣውላ ላይ ደግሞ መንሸራተት ይጠበቅበታል። ሰበቃ በአንዱ ቦታ የሚፈለግ፣ በሌላው የማይፈለግ ነው። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በጣውላው ላይ በአማካይ 700 ኒውተን ያህል ያሳርፋል። (በሩጫም ቢሆን፣ እግር አየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ አብሮ ሲታሰብ፣ አማካዩ ያው የሰውነቱ ክብደት ነው።) የሰበቃ መለኪያው 0.4 ነው ብንል በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ቺንጋ ሞተሩ ለሰበቃ ብቻ 389 ዋት ይከፍላል። ጣውላው ተቀብቶ መለኪያው ወደ 0.2 ቢወርድ ወጪው በግማሽ ይቀንሳል። ልዩነቱ ቺንጋውንና ጣውላውን የሚያግል ሙቀት ነበር። ስለዚህ ቺንጋው “ሲያዝ” ሞተሩን ወይም ውጥረቱን ከመክሰስ በፊት ሥሩ ደርቆ እንደሆነ መዳሰስ ይገባል። የሚቀባው ለዚሁ የተሠራ የሲሊኮን ዘይት ነው፤ የሞተር ዘይት፣ ግራሶ ወይም የምግብ ዘይት አይሆንም። ጣውላቸው ከፋብሪካ በሰም ተቀብቶ የሚመጣና ዘይት የማይሹ ማሽኖች ስላሉ መመሪያውን ማንበብ ይቀድማል። በበጋ ወራት አቧራ በሚበዛበት አካባቢ ደግሞ ከዘይቱ በፊት ጠርጎ ማጽዳት ያስፈልጋል፤ አሸዋ የገባበት ዘይት ጣውላውን ይሞርደዋል።

ውጥረቱ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ሳለ የቺንጋው ጠርዝ በማሽኑ ወገብ ላይ በእጅ ሲነሣ ነው፤ በብዙ ማሽኖች ከ5 እስከ 7 ሳንቲሜትር ቢነሣ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ላልቶ እግር ሲያርፍበት የሚንሸራተት ከሆነ ሁለቱን ብሎኖች እኩል፣ ሩብ ሩብ ዙር ማጥበቅ ይገባል። መመልከት የሚገባ ሌላም ምልክት አለ። ቺንጋው ቆሞ የፊተኛው ሮለር እየዞረ ከሆነ የላላው የመሮጫው ቺንጋ ነው፤ ሞተሩ እየዞረ ሮለሩም አብሮ ከቆመ ግን ጥፋቱ ሞተሩን ከሮለሩ በሚያገናኘው ትንሹ ቺንጋ ነው። ያኔ የኋላውን ብሎን ማጥበቅ ዋጋ የለውም።

ስለ አደጋው ጥቂት ማለት አለብን። 40 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ፑሊ በደቂቃ 900 ጊዜ ቢዞር ቺንጋው በሴኮንድ 19 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሰው አደጋን አይቶ እጁን እስኪሰበስብ አንድ አምስተኛ ሴኮንድ ያህል ይወስድበታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቺንጋው 4 ሜትር ገደማ ሄዷል። ነጠላ፣ ሻሽ ወይም የእጅጌ ጫፍ ቺንጋና ፑሊ በሚገናኙበት ቦታ ከተያዘ ለመሳብ ጊዜ የለም። ስለዚህ ቺንጋው እየዞረ ሳለ በእጅ ወይም በእንጨት መግፋት፣ እንዳይንሸራተትም የሚያጣብቅ ነገር ማፍሰስ ጉብዝና አይደለም። በቤት ያለው ማሽን ዝግ ይላል፤ ቢሆንም በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር በዚያችው አምስተኛ ሴኮንድ 28 ሳንቲሜትር ይሄዳል፤ ይህም የሕፃን እጅ ከኋለኛው ሮለር ሥር ለመግባት በቂ ነው። በሕፃናት እጅ ላይ የሚደርሰው የሰበቃ ቃጠሎ በሕክምና ጽሑፎች በሰፊው የተመዘገበ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 በአሜሪካ አንድ አምራች የአንድ ሕፃን ሞትና ከ70 የሚበልጡ አደጋዎች ከተመዘገቡ በኋላ 125,000 ያህል ማሽኖቹን ከገበያ መልሶ ሰብስቧል። ማሽኑ ሲቆም ቁልፉ ከልጆች ይራቅ፤ መብራት ሲጠፋም መሰኪያው ይነቀል።

ቃል የገባነው ሙከራ ይህ ነው። ሁለት ክብ እንጨቶች፣ ናስትሮና ከአሮጌ የመኪና ካላማዳሪያ በአግድም የተቆረጠ፣ ሁለት ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ይዘጋጁ። በአንደኛው እንጨት መሀል ናስትሮ እየተደራረበ ጉብታ ይሠራ፤ ሁለተኛው ለስላሳ ይሁን። ቀለበቱ በሁለቱ መካከል ተወጥሮ፣ ሆን ተብሎ ከጉብታው ወደ ጎን ተደርጎ ይዙር፤ በጥቂት ዙር ወደ ጉብታው ሲወጣ ይታያል። ከዚያ ጉብታው ይፈታና ናስትሮው በእንጨቱ ሁለት ጫፎች ይጠምጠም፣ መሀሉ ጎድጓዳ እንዲሆን። ቀለበቱ ወዴት እንደሚሄድ ከማዞር በፊት በወረቀት ላይ ይጻፍ።

ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ጥያቄ እንተዋለን። የመሮጫ ማሽኑ ሞተር አቅጣጫውን ገልብጦ ቺንጋው በላይኛው ገጽ ከኋላ ወደ ፊት ቢጓዝ፣ ወደ ግራ የሸሸውን ቺንጋ ለመመለስ የግራውን የኋላ ብሎን ማጥበቅ እንደ ቀድሞው ይሠራልን? ቺንጋው የኋለኛውን ሮለር የሚነካው አሁን በየትኛው ገጹ፣ በላይኛው ወይስ በታችኛው እንደሆነ ከወሰናችሁ በኋላ መልሱን ለመፈለግ ብዙ አትደክሙም።