የማገዶ እውነተኛ ዋጋ

እናቶች ሆይ፤

ለቡናው፥ ለወጡ፥ ለእንጀራው በየቀኑ እሳት ይነድዳል። ይህ እሳት በዓመት ምን ያህል እንደሚያስወጣችሁ ቆጥራችሁት ታውቃላችሁን?

አንዲት የጤና ሠራተኛ ወደ አንድ ቤት ገብታ የቤቱን እመቤት እንዲህ ስትል ጠየቀቻት።

«እትዬ፥ ማገዶዎን በስንት ይገዙታል?»

«ኧረ ልጄ፥ እኔ መች ገዛሁና! ከዱር በነፃ ነው የማመጣው።»

«ለመልቀምስ በሳምንት ስንት ጊዜ ይሄዳሉ?»

«ሁለት ቀን። ደርሼ እስክመለስ አራት ሰዓት ያህል ይፈጅብኛል።»

እንግዲህ እኛም አብረን እንቁጠር። ሁለት ጊዜ አራት ሰዓት፥ በሳምንት 8 ሰዓት ነው። ዓመቱ 52 ሳምንት ስለ ሆነ 416 ሰዓት ይሆናል። አንዱን የሥራ ቀን 8 ሰዓት ብንለው፥ ይህች እናት በዓመት 52 ሙሉ የሥራ ቀን ለማገዶ ትከፍላለች። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀረው! በዚህ ጊዜ ጓሮው በተኰተኰተ፥ ልብስ በታጠበ፥ ሴት ልጅም ከትምህርቷ ባልቀረች ነበር።

ማገዶ የምትገዙም በሳምንት ያወጣችሁትን ብር በ52 አባዙት። በሳምንት 100 ብር ቢሆን በዓመት 5,200 ብር ነው።

ማገዶ የሚያስከፍለን ሌላም ዋጋ አለ።

1ኛ/ የማሳ ዋጋ። ኩበት ሲነድ የማሳው ፍግ ነደደ ማለት ነው። መሬቱ ይከሳል፤ እህሉም ይቀንሳል።

2ኛ/ የጤና ዋጋ። ጭስ ዓይንን ያቆስላል፥ ሳንባንም ይጎዳል። እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ከምድጃው አጠገብ የሚውል ሕፃን እናቱ የምትስበውን ጭስ ይስባል፤ በዚህም የሳንባ ምች በቀላሉ ይይዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፥ በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ከምድጃ ጭስና ይህን ከመሳሰለ የቤት አየር ብክለት የተነሣ ሞተዋል። ከነዚህም ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው።

3ኛ/ የቃጠሎ አደጋ። ዙሪያው ክፍት በሆነ እሳት ላይ ዳዴ የሚል ልጅ በቀላሉ ይወድቃል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. እርጥብ እንጨት አታንድዱ። ፈልጣችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። እርጥብ እንጨት ሲነድ ሙቀቱ የራሱን ውኃ በማድረቅ ያልቃል፤ ጭሱም ይበዛል።

2. ባቄላና ሽምብራ ማታ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ። ድስቱን ክደኑ። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሱ።

3. ምጣድ ማጋል ብዙ ማገዶ ይበላል። ስለዚህ በየቀኑ ከመጋገር የሁለት የሦስት ቀኑን እንጀራ ባንድ ጊዜ ጋግሩ።

4. በሦስት ጉልቻ ፈንታ ዙሪያው የተዘጋ ምድጃ ተጠቀሙ። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ለመጋገሪያ የሚፈጀውን ማገዶ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ዋጋውን ጠይቃችሁ ለማገዶ ከምታወጡት ጋር አስተያዩት።

5. ለማድ ቤቱ መስኮትና የጭስ መውጫ አብጁ። በምታበስሉበት ጊዜ ሕፃኑን ሌላ ሰው ከጭሱ አርቆ ይያዝላችሁ።

6. በተዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥላችሁ ከቶ አትተኙ። የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፤ ሰውን እንደ ተኛ ይገድላል።

ልጃችሁ እየሳለ ቶሎ ቶሎ ቢተነፍስ፥ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ቢሰረጉድ፥ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ያች እናት በነዚህ ዘዴዎች ማገዶዋን በግማሽ ብትቀንስ በዓመት 26 የሥራ ቀን ይመለስላታል።

የቤት ሥራ፤ ለማገዶ በሄዳችሁ ቁጥር አንድ ጠጠር ማሰሮ ውስጥ ጣሉ። ወሩ ሲያልቅ ከባለቤታችሁና ከልጆቻችሁ ጋር ቁጠሩት። እሳቱ የሁሉም ነውና ሒሳቡንም ሁሉም ይወቀው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ወጡን ባያጣፍጥም፥ ማገዶ ይቆጥባል፤ የልጅንም ሳንባ ያድናል።