ስለ አንጻራዊ ፍጥነት፤ የጉግስ ፈረሰኛና ከመኪና የሚዘል ልጅ

ፊዚክስ የተባለው ትምህርት ስለ እንቅስቃሴ ሲያስተምር አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይህ ነገር ይንቀሳቀሳልን?» ብሎ ሳይሆን «ከምን አንጻር ይንቀሳቀሳል?» ብሎ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠ መንገደኛ፥ አጠገቡ ከተቀመጠው ሰው አንጻር ሲታይ ከቦታው አልተነቃነቀም። ማንኩሳ ላይ በመንገዱ ዳር ቆሞ ለሚመለከተው ሰው ግን ያው መንገደኛ እንደ አውቶቡሱ ሲሮጥ ይታያል። ሁለቱም የሚሉት እውነት ነው፤ ልዩነቱ የመጣው ከመመልከቻው ሥፍራ ነው። እንዲህ ያለው በመመልከቻው ሥፍራ የሚለካ ፍጥነት አንጻራዊ ፍጥነት ይባላል።

ይህን ትምህርት በሦስት የድፍረት ሥራዎች ለማስረዳት እንሞክራለን። አንደኛው የአገራችን ጨዋታ ነው፤ ሁለተኛው በአየር ላይ የተደረገ ነው፤ ሦስተኛው ግን በየመንገዳችን የምናየው ሲሆን ጨዋታ ሊባል አይገባውም።

የኢጣልያው ሊቅ ጋሊሌዮ በ1632 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን በመርከብ መስሎ ገልጾታል። መርከቡ ሳይወዛወዝ በእኩል ፍጥነት የሚጓዝ ከሆነ፥ በውስጠኛው ክፍል የተዘጋበት ሰው መርከቡ ይሂድ ይቁም ሊለይ አይችልም። ከላይ የሚንጠባጠበው ውሃ በትክክል ከበታቹ ባለው ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ ቢራቢሮውም ወደ ኋላ ሳይቀር እንደ ልቡ ይበራል። ስለ ምን ቢሉ፥ ውሃውም ቢራቢሮውም በክፍሉ ያለው አየርም የመርከቡን ፍጥነት ይዘዋልና ነው። እኛም በምዕራብ ጎጃም የምንኖረውን ሁሉ ምድር በዛቢያዋ ስትዞር በሰዓት ከ1,600 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ወደ ምሥራቅ ይዛን ትሄዳለች። ነገር ግን ቤቱም ዛፉም አየሩም አብሮን ስለሚሄድ አይታወቀንም።

አሁን ወደ ጉግስ እንምጣ። ጉግስ በጥምቀትና በሌሎችም በዓላት የሚታይ የፈረሰኞች ጨዋታ መሆኑን ወላጆቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ከቡሬ ወዲያ በእንጅባራም በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር የፈረሰኞቹ ጉልበት በአደባባይ ይታያል። በጉግስ አንዱ ወገን ይሸሻል፥ ሌላው ያባርራል። አባራሪው ዘንግ ይወረውራል፥ ሸሺው በጋሻው ይመክታል ወይም ጎንበስ ብሎ ያሳልፋል።

ሸሺው በሴኮንድ 11 ሜትር ይጋልባል እንበል፤ ይህም በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አባራሪው በሴኮንድ 12 ሜትር እየጋለበ፥ ከራሱ አንጻር ሲለካ በሴኮንድ 15 ሜትር በሚሄድ ፍጥነት ዘንጉን ወደ ፊት ይወርውር። በሜዳው ዳር ለቆመው ተመልካች የፈረሱና የክንዱ ፍጥነት ስለሚደመር ዘንጉ በሴኮንድ 27 ሜትር ሲሄድ ይታየዋል። ለሸሺው ግን ከ27 ላይ የራሱ 11 ስለሚቀነስ፥ ዘንጉ የሚደርስበት በሴኮንድ 16 ሜትር ብቻ ነው። በመካከላቸው 16 ሜትር ቢኖር ጋሻውን ለማዞር አንድ ሴኮንድ ያገኛል። ፈርቶ ፈረሱን ቢያቆም ግን ያ ጊዜ ወደ ስድስት ዐሥረኛ ሴኮንድ ይወርዳል፤ የዘንጉም የመምታት ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ወደ ሦስት ዕጥፍ ይጠጋል። እንግዲህ በጉግስ ሜዳ መጋለብ ለማምለጥ ብቻ ሳይሆን በትሩንም ለማለዘብ ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል፤ እንደ ፊዚክስ አቈጣጠር ግን ፈረሱ ፍጥነቱን ለወርዋሪው ሲያበድር እርሱም አብሮ ይዋጋል።

ደግሞ አንድ ፈረሰኛ በሴኮንድ 11 ሜትር ሲጋልብ ከሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ዘንጉ ከእጁ ቢወድቅበት ምን ይሆናል? ዘንጉ መሬት እስኪደርስ ከግማሽ ሴኮንድ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይፈጃል። ፈረሰኛው ዘንጉ በእግሩ አጠገብ በቀጥታ ሲወርድ ያያል። ዳር የቆመው ተመልካች ግን ዘንጉ እየታጠፈ ወደ ፊት 7 ሜትር ያህል ተጉዞ ሲወድቅ ያየዋል። እጁ ቢለቀውም የፈረሱ ፍጥነት ግን ከዘንጉ አልተለየም። ይህ ጠባይ ኢነርሺያ ይባላል።

ፈረስ የሌለው ተማሪ ይህንኑ በትምህርት ቤቱ ሜዳ በኳስ ሊፈትነው ይችላል። በመሬት ላይ ምልክት ያድርግና በሴኮንድ 5 ሜትር እየሮጠ፥ ልክ ከምልክቱ በላይ ሲደርስ ከ1 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ኳሱን ይልቀቅ። ኳሱ ምልክቱን 2 ሜትር ተኩል ያህል አልፎ ይወድቃል። ቀጥሎም እንደዚያው እየሮጠ ኳሱን በሚሮጥበት ፍጥነት መጠን ወደ ኋላ ይወርውረው። ያን ጊዜ ወደ ፊቱና ወደ ኋላው ተጣፍተው ኳሱ ዳር ለቆመው ተመልካች ቍልቍል በቀጥታ ሲወርድ ይታያል። ሯጩ ግን ኳሱን ወደ ኋላ ሲርቅ ያየዋል።

ሁለተኛው የድፍረት ሥራ በአየር ላይ የተደረገ ነው። ኦርመር ሎክሊር የተባለ አሜሪካዊ አብራሪ በኅዳር ወር 1918 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ከአንድ አውሮፕላን ወደ ሌላ አውሮፕላን በሰማይ ላይ ተሻገረ። ሰው ሁሉ እንደ ተአምር ቈጠረው። ነገር ግን ሁለቱ አውሮፕላኖች እኩል በሆነ ፍጥነት ወደ አንድ አቅጣጫ ሲበርሩ፥ የአንደኛው ፍጥነት ከሁለተኛው አንጻር ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ እንደ ቆሙ ሁለት ወንበሮች ናቸው። ይሁን እንጂ አየሩ ከእነርሱ ጋር አልሄደም፤ የአየሩ ግፊት ፊቱን ይመታው ነበር፤ ምድርም ከበታቹ አልቆመችለትም። አንዱን ፍጥነት ዜሮ ማድረግ ሌሎቹን ዜሮ አያደርግም። ሎክሊርም በ1920 እ.ኤ.አ. ለፊልም ሲበርር አውሮፕላኑ ተከስክሶ ሞተ።

ዛሬ መንኰራኵሮች በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየከነፉ ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ጋር ሲገናኙ፥ አንዱ ወደ ሌላው የሚጠጋው በሴኮንድ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። እነዚህ ሊቃውንት የሚደፍሩት ከምን አንጻር ምን ያህል እንደሚሄዱ አስቀድመው አስልተው ነው።

ሦስተኛው የድፍረት ሥራ ግን ስሌት የለበትም። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ጐዳና ዳገት ላይ የጭነት መኪና ፍጥነቱን ሲቀንስ አንዳንድ ልጆች ከኋላው ይንጠለጠላሉ፤ ወደሚሄዱበት ሲደርሱም መኪናው ሳይቆም ይዘላሉ። ልጁ በመኪናው ላይ ሳለ መኪናው ለእርሱ የቆመ ያህል ነው፤ ስለዚህ ልቡ አይፈራም። እግሩ መሬት በነካ ጊዜ ግን መመልከቻው ሥፍራ በድንገት ይለወጣል። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ከመኪናው አንጻር ያለው ፍጥነት ሳይሆን ከመሬት አንጻር ያለው ነው።

ይህን በቍጥር እንየው። መኪናው በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፥ የዘለለው ልጅ መሬት የሚነካበት ፍጥነት ከ1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ እንደ ወደቀ ሰው ፍጥነት ነው። በሰዓት 36 ቢሄድ ከ5 ሜትር በላይ ከፍታ እንደ ወደቀ ይቈጠራል። በሰዓት 54 ቢሄድ ግን ከ11 ሜትር ተኩል ገደማ ከፍታ እንደ ወደቀ ነው። ፍጥነቱ ሁለት ዕጥፍ ሲሆን ከፍታው አራት ዕጥፍ፥ ሦስት ዕጥፍ ሲሆን ዘጠኝ ዕጥፍ እንደሚሆን ልብ በሉ። ከ5 ሜትር ገደል የማይዘል ልጅ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ከሚሄድ መኪና ስለ ምን ይዘላል?

አንዳንዱ «ወደ ኋላ ብዘል ፍጥነቱ ይጠፋል» ይላል። እንደ ሩጫው ኳስ መሆኑ ነው፤ ነገር ግን ሒሳቡ አይሞላለትም። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 10 ሜትር ነው። በእግሩ ጉልበት ወደ ኋላ በሴኮንድ 2 ሜትር ቢያገኝ እንኳ ስምንቱ ይቀርበታል። እግሩን መሬት ሲይዘው ደረቱና ራሱ በኢነርሺያ ወደ መኪናው አቅጣጫ መሄዳቸውን አይተዉም፤ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የዘለለ ከሆነ በጀርባው ይወድቃል፥ ማጅራቱም መሬቱን ይመታል።

እንግዲህ ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የጉግስ ፈረሰኛ የሚመሰገነው አለመፍራቱ ብቻ አይደለም፤ የሚደመረውንና የሚቀነሰውን ፍጥነት ከልጅነቱ ጀምሮ በዐይኑና በክንዱ ስለ ለመደው ነው። ወላጆቻችንም ልጆቻችሁ ከመኪና ኋላ ሲንጠለጠሉ ብታዩ፥ ከመቈጣት ጋር የቤታችሁን ጣራ አሳይታችሁ «ከዚህ ትዘላለህን?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ምናልባት ከቍጣው ይልቅ ጥያቄው ያቆማቸው ይሆናል።