ማለቂያው የታወቀ ታሪክ ልብ የሚሰቅለው እንዴት ነው?

ታሪካዊ ልቦለድ ልጻፍ ብሎ የተነሣ ተማሪ ሁሉ ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ፊቱ ይደቀናል። አንባቢው ሰገሌ ላይ ድሉ የማን እንደሆነ ያውቃል። ማይጨው እንዴት እንዳለቀ፣ ጣሊያንም በ1933 ዓ.ም. እንደተሸነፈ ያውቃል። ታዲያ ምን ይዞት ገጽ ይገልጣል? መልሱን ፍለጋ ሩቅ አንሄድም፤ ምሳሌዎቻችንን በአብዛኛው ከደሴና ከኮምቦልቻ እንወስዳለን።

የሚያውቅ አንባቢ፣ የማያውቅ ገጸ ባሕርይ

ልብ ሰቀላ የሚፈጠርበት አንዱ መንገድ ምስጢር ነው፤ ገዳዩን ገጸ ባሕርይውም አንባቢውም አያውቁትም። ሌላው መንገድ ግን አንባቢው እያወቀ ገጸ ባሕርይው አለማወቁ ነው። ታሪካዊ ልቦለድ ይህን ሁለተኛውን ያለ ድካም ያገኘዋል። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ፎርሳይት «ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል» የተባለውን ልቦለዱን እ.ኤ.አ. በ1971 ሲያሳትም፣ ቅጥረኛው ነፍሰ ገዳይ የሚያድናቸው የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደ ጎል ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቤታቸው ውስጥ ዐርፈው ነበር። ግድያው እንደማይሳካ አንባቢው ከመጀመሪያው ገጽ ያውቃል፤ ሆኖም መጽሐፉን አላስቀመጠውም። ጥያቄው «ይገድላቸው ይሆን?» መሆኑ ቀርቶ «እስከ ምን ድረስ ይጠጋቸዋል? ማንስ ይደርስበታል?» ሆኗልና።

እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጠው የመጀመሪያ ምክርም ይኸው ነው። «ምን ሆነ?» የሚለውን ለታሪክ መጽሐፉ ተዉለት፤ እናንተ «ያን ዕለት ማን ምን ያውቅ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከሰገሌ በፊት የነበረው አንድ ወር

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት፣ የልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መውረድ አዲስ አበባ ላይ ታወጀ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ልጃቸውን ሊመልሱ ከደሴ ተነሡ። ቶራ መስክ ላይ የሸዋውን የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደመሰሱ፤ ራስ ልዑል ሰገድም ወደቁ። መንገዱ የተከፈተ መሰለ። ንጉሡ ግን ወዲያው ወደ አዲስ አበባ አልገሰገሱም። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ልባቸው ከንጉሡ ጋር እንደሆነ አስመስለው መልእክት በመላክ ጊዜ እንደገዙ ይነገራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሸዋ ጦር ተሰበሰበ። ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ፤ ልጅ ኢያሱም ለአባታቸው ሳይደርሱላቸው ቀሩ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የታሪክ ጸሐፊ ይህን ሁሉ በአንድ አንቀጽ ይጨርሰዋል፤ ማድረግ ያለበትም እንደዚያ ነው። ልቦለድ ጸሐፊ ግን አንዲቷን ደብዳቤ ይዞ መቶ ገጽ መሄድ ይችላል። ደብዳቤዋን የተሸከመው ሰው የያዘው ማታለያ መሆኑን ያውቃል? ካወቀ፣ ንጉሡ ፊት ቆሞ ፊቱን እንዴት ይጠብቃል? ካላወቀስ፣ በኋላ ሲደርስበት እንዴት አድርጎ ከራሱ ጋር ይኖራል? በንጉሡ ድንኳን ውስጥ የሚጠረጥር አንድ ጸሐፊ አስቀምጡ። ይህ ጸሐፊ መልእክቱ የሐሰት መሆኑን ከደብዳቤው አጻጻፍ ቢጠረጥርም ማስረጃ የለውም፤ በድል ማግስት ያለ ጦር መሐል ደግሞ ጥርጣሬን መናገር ፍርሃት ተደርጎ ይቆጠራል። ይናገር ወይስ ዝም ይበል?

ጦርነቱን ራሱን በዝርዝር መግለጽ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። አንባቢው ጥቅምት 17ን ያውቃል፤ ስለዚህ ቀን ይቆጥራል። በድንኳኑ ያሉት አይቆጥሩም። ገጸ ባሕርያቱ «ነገ እንነሣለን» ባሉ ቁጥር አንባቢው ይጨነቃል። ልብ ሰቀላው ያለው እዚህ ነው፤ ጎራዴው ከአፎቱ ከመውጣቱ በፊት።

ሐረጎና ጉሙ

መቼት ለብዙ ጀማሪዎች ጌጥ ነው። የጦሳን ተራራ ይገልጻሉ፣ ጉሙን ይገልጻሉ፣ ከዚያ ወደ ታሪካቸው ይመለሳሉ። እንደ እኔ ግን የደሴ መልክዐ ምድር ከሴራው ተለይቶ አይታይም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው በሐረጎ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደሴ ብርድ ጋቢ ደርቦ የተነሣ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ያወልቀዋል። ይቺ ትንሽ ነገር እንኳ ለልብ አንጠልጣይ ታሪክ ታገለግላለች፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ጋቢውን የማያወልቅ ሰው ምን ደብቋል?

በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ኮምቦልቻ ላይ የገጠመው ይህን ዳገት ነው። ጣሊያኖች ከፍታውን ይዘው ለቀናት ተዋጉ፤ የእኛ አርበኞችም ከብርጌዱ ጎን ተሰልፈው ነበር። ደሴ የተያዘችው ሚያዝያ 18 ነው። ከላይ ያለው ከታች ያለውን ያያል፤ ጉም ሲወርድ ግን ሁለቱም አይተያዩም። መንገዱን በጉም ውስጥ የሚያውቅ አንድ የአካባቢው እረኛ በዚያች ሰዓት ከመድፍ ይበልጣል።

ኅዳር 26 ቀን 1928

ዓርብ ጧት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደሴ ከገቡ ገና ጥቂት ቀናቸው ነው፤ የውጭ ጋዜጠኞችም ተከትለዋቸዋል። የጣሊያን አውሮፕላኖች መጥተው ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረው የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መሣሪያ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል።

ጀማሪ ጸሐፊ ካሜራውን ንጉሠ ነገሥቱ ላይ ይተክላል። እኔ ከዚያ እንድታነሡት እመክራለሁ። ጣሊያን ከወረራው በፊት ደሴ ላይ ቆንስላ ነበራት፤ ቆንስላዎቿ ወሬ መሰብሰቢያና መኳንንት መሸንገያ እንደነበሩም በሰፊው የታወቀ ነው። እንግዲህ ለቆንስሉ ቤት አትክልት ያጠጣ የነበረ ወጣት አስቡ። ስለ ከተማዋ ሲጠይቁት እንደ ቁም ነገር ሳይቆጥር የመለሰው ሁሉ፣ ዛሬ ቦምቡ ሲወርድ ትዝ ይለዋል። ይህ ሰው ባንዳ አይደለም፤ ንጹሕ ነኝ ለማለትም አይደፍርም። እንዲህ ያለ ሰው መጽሐፍ ይሸከማል።

ንግግሩም የወሎ ይሁን። እናቱ ስትደነግጥ የሚያጽናናት ጎረቤት «አብሽሪ» ይላታል፤ ቡና ሲቀርብ «ጀባ» ይባላል፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም ይገኛል። እነዚህን ለማስዋብ አትከምሯቸው፤ ሰው በተፈጥሮው በሚላቸው ቦታ ብቻ ይግቡ።

ከ«ኦሮማይ» የምንማረው

በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ሲያሳትም በኤርትራ የተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የትናንት ነገር ነበር። ዘመቻው እንደታወጀለት ድል እንዳልሆነ አንባቢው ሰምቷል። ጸሐፊው ራሱ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ አሥመራን ያወቀው በሥራ ነው። ታሪኩን ለጋዜጠኛው ለጸጋዬ ኃይለ ማርያም ሰጠና ስለላውን፣ ፍቅሩንና ኅሊናውን በአንድ ገመድ ገመደው። ዘመቻው ምን እንደሚሆን የሚያውቅ አንባቢ ጸጋዬ ምን እንደሚሆን አያውቅም። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉም በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ አልተመለሰም። እውነትን በልቦለድ መናገር እኛ አገር ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ ሳታውቁ ይህን መጽሐፍ አታንብቡት።

የወሎው ተወላጅ ማሞ ውድነህም በስለላ መጻሕፍታቸው ለብዙ አንባቢ የልብ አንጠልጣይ ታሪክን ጣዕም ያስለመዱ ናቸው።

ፈጠራው የት ይቁም?

በስም የሚታወቅ ሰው ያላደረገውን ክሕደት አታስደርጉት፤ የልጅ ልጆቹ ጎረቤቶቻችሁ ናቸው። ቀን አታዛንፉ። የውጭ ሰነድ ስታነቡ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ቀኑንም ቀይሩ፤ የውጭው ዲሴምበር 6 ቀን 1935 የእኛ ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ «ስምንት ሰዓት» የሚል የውጭ ዘገባ ለእኛ የጧቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ይችላል። በልብ አንጠልጣይ ታሪክ የስድስት ሰዓት ስሕተት ሴራውን ያፈርሰዋል። ከዚህ ውጪ ስሙ ያልተመዘገበው ተላላኪ፣ አሽከር፣ ጸሐፊ፣ ጠጅ ጣይ ሁሉ የእናንተ ነው።

የቤት ሥራ

ሚያዝያ 6 ቀን 1928 ምሽት፣ ደሴ። ከማይጨው ከተመለሰ ሠራዊት የሸሸ ሰው በከተማዋ ያልፋል፤ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ከተማዋን ለቀዋል፤ ጣሊያን ነገ ይገባል። አንዲት ሴት የባሏን ጠመንጃና አንድ የታሸገ ፖስታ ይዛ ቤቷ ተቀምጣለች። በሩ ተንኳኳ። ሁለት ገጽ ጻፉ። ነገ ማን እንደሚገባ እሷ አታውቅም፤ ስለዚህ «ጣሊያን ነገ ይገባል» የሚል ዓረፍተ ነገር በጽሑፋችሁ አይኑር። ፖስታውን ማን እንደሰጣት እስከ ሁለተኛው ገጽ አጋማሽ አትንገሩኝ። በሩንም ቶሎ አታስከፍቷት።