ሳያዩ ማመን፥ ሳይዘገዩ መታዘዝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሃይማኖት ማለት በዓይን ያልታየውን ነገር፥ የተናገረው እግዚአብሔር እውነተኛ ስለ ኾነ፥ እንደ ታየ አድርጎ መቀበል ነው። ነገር ግን በልብ ታምኖ፥ በአፍ ተመስክሮ የሚቀር አይደለም፤ መታዘዝ ይከተለዋልና። አባታችን አብርሃም በ75 ዓመቱ ከካራን ሲወጣ የሚወርሳትን ምድር አላያትም ነበር። «አስቀድሜ ልያት፥ ከዚያ በኋላ እሄዳለሁ» አላለም፤ ታዞ ሄደ፥ ሄዶም አያት (ዘፍ. 12፥1-7)።

ይህ ነገር ለአዘና ገበሬ እንግዳ አይደለም። በዚያ ደጋ የሚኖረው የአገው ገበሬ ለልጆቹ ምግብ ሊኾን የሚችለውን እህል ከጎተራ አውጥቶ በመሬት ላይ ይበትናል። ዝናሙ እንዲስተካከል፥ በረዶም እንዳይመታው ዋስ የኾነለት ሰው የለም። ኾኖም እግዚአብሔር የዘርና የመከር ወራት እንዳይቋረጥ ለኖኅ የሰጠውን ተስፋ (ዘፍ. 8፥22) ታምኖ ይዘራል። እንግዲህ በእርሻው ያመነውን አምላክ በሌላው ኑሮውስ ያምነዋልን?

ፈተናው የሚገለጠው በዕርቅ ነው። ጌታችን መባ የያዘ ሰው መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ አዝዟል (ማቴ. 5፥23-24)። በድንበር የተጣላ ወይም ደም የተቃባ ሰው ግን ሽማግሎችና የነፍስ አባቱ በደጁ ሲቆሙ «ባላጋራዬ ዳግመኛ እንዳይነሣብኝ በምን ዐውቃለሁ?» ይላል። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ስለዚህም ሽማግሎች ዋስ ይጠራሉ፥ መሐላም ያስምላሉ፤ ይህን ማድረግ አለማመን አይደለም። ጌታችንም ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር በተባለ ጊዜ እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ አስተምሮናል (ማቴ. 4፥5-7)። ነገር ግን ጥንቃቄ «እንዴት ልታረቅ?» ለሚለው መልስ ይሰጣል እንጂ «ልታረቅ ወይስ ልቅር?» የሚለውን እንደ ገና ሊከፍተው አይገባም፤ እርሱ በጌታ ቃል ተዘግቷልና። የባላጋራው ልብ እስኪታይ ድረስ እጠብቃለሁ የሚል ሰው እስከ ሞቱ ይጠብቃል፤ ልብን የሚያይ እግዚአብሔር ብቻ ነውና።

«ታዝዤ ፍሬውን ባላይስ?» የሚል ቢኖር የአቡነ ጴጥሮስን ዕረፍት ያስብ። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ እኒህ ጳጳስ አርበኞችን እንዲያወግዙ፥ ለወራሪውም እንዲገዙ ተጠየቁ። እሺ ቢሉ ሕይወታቸው ይተርፍ ነበር፤ የነጻነት ቀን መቅረቡንም የሚያሳይ ምልክት አልነበረም። እርሳቸው ግን እውነትን በሐሰት አልለወጡም፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ዐረፉ። ነጻነት የተመለሰው በ1933 ዓ.ም. ነው፤ እርሳቸው በዓይነ ሥጋ አላዩትም። ሐዋርያውም የቀደሙት አባቶች የተስፋውን ቃል ፍጻሜ ሳያገኙ በእምነት እንደ ሞቱ ይነግረናል (ዕብ. 11፥13)። እንግዲህ የመታዘዝ ዋጋ በሚታይ ፍሬ አይመዘንም፤ ያዘዘው የታመነ በመኾኑ ይጸናል እንጂ።

ካህናት ሆይ፥ ይህን ለሕዝቡ ስናስተምር እኛው አስቀድመን ከተቀያየምነው ወንድም ጋር እንታረቅ። ምእመናን ሆይ፥ ምልክት ፍለጋ ወደ ጠንቋይ ቤት አትሂዱ፤ ቃሉ በእጃችሁ ነው። ዛሬ ማንን ይቅር እንድትሉ እንዳዘዛችሁ ታውቃላችሁና፥ ሳትዘገዩ ተነሡ።

ሳናይ አምነን፥ ሰምተን እንድንታዘዝ የአምላካችን ቸርነት፥ የእመቤታችን አማላጅነት፥ የቅዱሳን ጸሎት ይርዳን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።